ጦስኝና ማር በሙቀት ወራት
በሾላ ገበያ ዕቃ ስለሚሰናዳ የማቀዝቀዣ መጠጥ

በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የፀሐይን ብርታት ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው ባለሱቅ ነው፤ ደንበኛው ከደጅ እንደ ገባ ቀዝቃዛ ነገር ይጠይቃልና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፣ ጥላው ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ያቃጥላል። በቀትር ከመገናኛ እስከ ኮተቤ የሚመላለስ መንገደኛ፣ ወይም ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት የወጣ ሰው ለዚህ ምስክር ነው።

ይህን ጥም ለማርካት ብዙው ሱቅና ሆቴል የሚያቀርበው በፋብሪካ የታሸገ ለስላሳ ወይም ከውጭ አገር በመጣ ሽሮፕ የተበጠበጠ መጠጥ ነው። ነገር ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አንዱ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን አስመጪዎች አይዘነጉትም። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የናና ሽሮፕ በውድ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ፣ መልካም መዓዛ ያለው ቅጠል በደጁ ሲሸጥ ማለፉ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በሾላ ገበያ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ናና ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ለቀዝቃዛ መጠጥ ይልቁንም የሚስማማው ጦስኝ ነው። ጦስኝ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ሲሆን በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ብርዳማ አገር በብዛት ይበቅላል፤ ከዚያ የሚመጣውም መንገድ በሰንዳፋ፣ በለገጣፎና በኮተቤ አድርጎ ወደ ሾላ ይወርዳል። እንግዲህ የየካ ነጋዴ ለዚህ ዕቃ የቅርብ ጎረቤት ነው ማለት ነው።

ማርን በውኃ በጥብጦ ሳይፈላ መጠጣት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ብርዝ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም የሚጠጣው የቆየ መጠጥ ነው። ጦስኝ የገባበት ብርዝ እንደሚከተለው ይሰናዳል።

አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አፍልቶ ከእሳት ካወረዱ በኋላ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ጨምሮ ወዲያው መክደን ነው፤ ሳይከደን የቀረ እንደ ሆነ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይጠፋል። በየካ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ 3,200 ሜትር ያህል በሚደርሰው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ከቆላው አገር ይልቅ ጥቂት ረዘም ላለ ጊዜ፣ እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ቢቆይ መልካም ነው። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ለብ ሲል 200 ግራም ማር ማሟሟት ይገባል። ማሩ በፈላ ውኃ ላይ ቢጨመር የራሱን ሽታ ያጣል። በመጨረሻ የ3 ሎሚ ጭማቂ ጨምሮ ማቀዝቀዝ ነው።

ሲቀርብ ግማሽ ብርጭቆ ከዚህ፣ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ አምቦ ውኃ ተደባልቆ አንድ የናና ቅጠል ይጣልበታል። በዚህ ልክ አንድ ሊትሩ 10 ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዱ የሚገባው ማር 20 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ማር ለ50 ብርጭቆ ይበቃል፤ ባለሱቁ የኪሎውን ዋጋ ለ50 አካፍሎ ወጭውን በቀላሉ ማስላት ይችላል።

ኮክቴል ለሚፈልግ እንግዳ በዚሁ ብርጭቆ ላይ 40 ሚሊ ሊትር ጂን ይጨመራል፤ ጂኑም በአገር ውስጥ ተጠምቆ የታሸገ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ መሆኑን ሻጩ ያስታውስ።

ይህ ሥራ ትርፍ የሚሰጠው ግን ጥንቃቄ ሲታከልበት ነው። አንደኛው ጥንቃቄ የጊዜ ነው። ብርዝ በሙቀት ላይ ከዋለ መፍላት ይጀምርና ወደ ጠጅነት ያመራል። አልኮል የለውም ተብሎ ለጾመኛ፣ ለሙስሊም ወይም ለሕፃን የተሸጠ መጠጥ ፈልቶ ቢገኝ የባለሱቁ ስም በአንድ ቀን ይበላሻል። ስለዚህ በየዕለቱ የሚሸጠውን ያህል ብቻ አሰናድቶ በማቀዝቀዣ ማኖር ይሻላል፤ በረዶውም ከተፈላ ውኃ ይሁን። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በጦስኝ ፈንታ ጤና አዳም ከገባም ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠጣው አይገባም።

ሁለተኛው የማሩ ነገር ነው። ስኳር የተደባለቀበትን ማር በዓይን መለየት ያስቸግራልና ከሚታወቅ አናቢ ወይም ማኅበር መግዛት ይበጃል። ማር በብርድ ቢረጋ መበላሸቱን አያመለክትም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ዕቃ የሚመልስ ገዢ መልካሙን ማር እየተወ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው የጦስኙ ሥር ነው። ጦስኝ በብዛት የሚለቀመው ከዱር ነው። ለቃሚው ለመቸኮል ብሎ ከነሥሩ ሲነቅለው ክብደቱ ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ቦታ ለከርሞ ባዶ ይቀራል። ገዢው ነጋዴ ሥርና አፈር ያለበትን እሥር በዝቅተኛ ዋጋ፣ በማጭድ ከላዩ ታጭዶ በጥላ የደረቀውን ደግሞ በተሻለ ዋጋ ቢገዛ፣ ለቃሚው ራሱ ልማዱን ይለውጣል። ትእዛዝ የማያደርሰውን የገበያ ዋጋ ያደርሰዋል።

የተራራ ቅጠል ንግድ እንደሚሆን ዓለም አሳይቶናል። በጣልያን በቶሪኖ ከተማ ካርፓኖ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1786 ወይንን በመራራና በመዓዛማ ዕፅዋት አጣፍጦ መሸጥ ጀመረ፤ ቬርሙት የተባለው መጠጥም ዛሬ በየአገሩ ቡና ቤት ይገኛል። የእኛም ማር እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲገባ ተፈቅዶለታል። ላኪዎቻችን ከማሩ ጋር በንጽሕና ደርቆ፣ የተለቀመበት አገርና ወር ተጽፎበት የታሸገ ጦስኝ ለገዢዎቻቸው ናሙና አድርገው ቢልኩ፣ የሚያወጡት ወጭ ጥቂት ነው።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ተራራው የሚወጣው ጎብኚ ሲመለስ መጠማቱ አይቀርም። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ባለሱቆች ለሚመጣው የሙቀት ወር ከአሁኑ ማራቸውን መርጠው፣ ጦስኛቸውንም ሥሩ ካልተነቀለው ገዝተው እንዲዘጋጁ እንመክራለን።