ጡንቻ በምን ይገነባል?

ስለ ጡንቻ ሲነሣ እኔ መጀመሪያ የምጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ጥናት ነው። ማሪያ ፊያታሮኔ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ 10 ሰዎችን በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ አደረጉ። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት ነበር። ክብደቱ ለይስሙላ የተሰጠ አልነበረም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሡት ከሚችሉት 80 በመቶ ያህል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ8 ሳምንት ሠሩ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 9 ሰዎች የጭናቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ትተው መሄድ ጀመሩ።

ከ4 ዓመት በኋላ እኚሁ ሐኪም በ100 አረጋውያን ላይ የሠሩት ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። ከፊሉ ክብደት አነሡ፣ ከፊሉ ፕሮቲንና ኃይል ሰጪ ነገር ያለበት መጠጥ ተሰጣቸው፣ ከፊሉ ሁለቱንም አገኙ፣ የቀሩት አንዱንም አላገኙም። ከ10 ሳምንት በኋላ ክብደት ያነሡት ጥንካሬያቸው በ113 በመቶ አድጎ ተገኘ። መጠጡን ብቻ የጠጡት ግን ጡንቻቸው አልጠነከረም፣ አካሄዳቸውም አልተሻሻለም። ተቀምጦ የተመገበ ሰው ጡንቻ አያወጣም ማለት ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ጡንቻ እንዴት እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል። ከ600 በላይ የሆኑት ጡንቻዎቻችን የሰውነታችንን ክብደት 40 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። የተሠሩበት ፕሮቲን አንዴ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም፤ በየቀኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ፈርሶ በአዲስ ይተካል። ምርጊቱ በክረምት እየረገፈ በበጋ እንደሚለሰን የጭቃ ቤት ነው፤ የሚረግፈውና የሚለሰነው እስከተመጣጠነ ድረስ ቤቱ እንዳለ ይቆማል። ምግብ ሳንቀምስ ስንቆይ የሚፈርሰው ያይላል። ፕሮቲን ያለበት ምግብ ስንበላ ደግሞ ምግቡ ወደ አሚኖ አሲድ ተሰባብሮ በደም ወደ ጡንቻ ይደርስና ግንባታው ይጨምራል። አሚኖ አሲዶቹ 20 ሲሆኑ 9ኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሊዩሲን ለጡንቻው ግንባታውን እንዲጀምር ምልክት የሚሰጥ ነው።

ነገር ግን ይህ ግንባታ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው። በደም ውስጥ ገና አሚኖ አሲድ እያለ ጡንቻው በቃኝ ይላል። የተረፈው ለኃይል ይቃጠላል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል፤ ናይትሮጅኑ ተለይቶ በሽንት ይወጣል። ስብን እንደምናከማቸው ፕሮቲንን ለክፉ ቀን የምናስቀምጥበት ጎተራ የለንም። ሁኔታውን የሚለውጠው ሥራ ነው። ጡንቻ ከለመደው በላይ ጭነት ሲገጥመው፣ ለአንድ ቀንና ከዚያም በላይ ለሚመጣለት ፕሮቲን የበለጠ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የተበላ ሽሮ ሳይሠራ ከተበላው ሽሮ ይልቅ ለጡንቻው ይጠቅማል።

ሥራው የግድ ጂም አይፈልግም። በየሰፈሩ ወጣቶች የቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ቧንቧ አያይዘው ሲያነሡ አይተናል፤ ያ ክብደት በውድ ከተገዛው ዳምቤል አያንስም። ቀለል ያለ ክብደትም ቢሆን ጡንቻው እስኪደክም ደጋግሞ ከተነሣ ያሳድጋል። ዋናው ነገር ጭነቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ መጨመሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ጨምሮ ጡንቻው ሳይተልቅ ቢቀር ማንም ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ቀድሞ የሚሠለጥነው ነርቩ ነው።

ፕሮቲኑስ ምን ያህል? የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ያስቀመጠው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.83 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ያህል ይሆናል። ክብደት ለሚያነሡ ግን ይህ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የ49 ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የመረመሩ ባለሙያዎች ጥቅሙ በኪሎ እስከ 1.6 ግራም ድረስ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ እንደሚቆም አግኝተዋል። ለአረጋውያን የሚመከረው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር መጠኑን መጨመር የለበትም።

ብዙ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ወደ ፕሮቲን ዱቄት ይሮጣሉ። ዌይ የሚባለው ዱቄት ከአይብ የተለየው አጓት ተጣርቶና ደርቆ የተዘጋጀ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን ተአምርም የለበትም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። የደረቀ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በ100 ግራም ውስጥ ከ20 እስከ 26 ግራም ይይዛሉ፤ ተቀቅሎ ውኃ የጠጣ ምስር ግን 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ቀጭን ሽሮ ጠቅሶ ፕሮቲን በላሁ የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው፤ ወፈር ብሎ የተሠራና በርከት ብሎ የቀረበ ሽሮ ግን ሌላ ነገር ነው።

የጾም ምግባችንንም ማቃለል አይገባም። እህል ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ይጎድለዋል፣ ጥራጥሬ ግን ሞልቶታል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን እህሉ ይሰጣል። እንጀራ በምስር ወጥ ወይም በሽሮ መብላት ጉድለታቸውን ያሟላል። በብራዚል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የእንስሳት ተዋጽኦ ጭራሽ የማይበሉ 19 ወጣቶችን ከሚበሉ 19 ወጣቶች ጋር አወዳድሯል። ሁለቱም ወገን ለ12 ሳምንት ክብደት አንሥተው በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ሲያገኙ የጡንቻ እድገታቸው እኩል ሆነ። በእርግጥ የመጀመሪያዎቹ የጎደላቸውን በአኩሪ አተር ዱቄት ሞልተዋል። የጿሚው ችግር ሌላ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰው የቀኑን ፕሮቲን በአንድ ወይም በሁለት ማዕድ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ማዕዱ ላይ ከጎመኑና ከድንቹ በፊት ጥራጥሬው መብዛት አለበት፤ በመሐል ደግሞ ንፍሮ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የወጣቱ ክንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት በአማካይ 67 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን ከአልጋ ሳይወርዱ ቆዩ። የሚመከረውን ፕሮቲን እየተመገቡ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ያህል ሥጋ ቀነሱ። ከሆስፒታል የወጣች እናት ደረጃ መውጣት ሲያቅታት በሽታው ነው እንላለን፤ አልጋው የወሰደባት ጡንቻ ትዝ አይለንም። ለታማሚ ይዘን የምንሄደው አጥሚት ከእህል ዱቄት የተሠራ ስለሆነ ኃይል ቢሰጥም ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ጾም ካልሆነ በወተት ቢሠራ፣ እንቁላል ቢጨመርበት ይሻላል።

ለአረጋውያን ያለን አክብሮትም ሳናውቀው ይጎዳቸዋል። «እማዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብለን ውኃውንም፣ ሰፌዱንም፣ ልጁንም ከእጃቸው እንቀበላለን። እንግዲያው ለምሳሌ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉላቸው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሡ፣ ዝግ ብለው ይቀመጡ። ካቃታቸው የወንበሩን እጀታ ይዘው ይጀምሩ። ለጀማሪ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ እያረፉ ሁለት ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጥሩ ነው፤ ሲቀላቸው ቁጥሩን ጨምሩ። የልብ ሕመም ወይም የመውደቅ ስጋት ካለ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ፣ አጠገባቸውም ሰው ይቁም። ከዚያ በኋላ ምሳ ስታቀርቡላቸው ምስሩን አብዙላቸው፤ በማግሥቱም ሊሠሩ ሲነሡ አትከልክሏቸው።