ደብሊውአርኤክስ ወይስ ኤስቲአይ?

እ.ኤ.አ. በ1995 ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ በሱባሩ ኢምፕሬዛ የዓለም ራሊ ሻምፒዮን ሆነ። በ2001 ሪቻርድ በርንስ፣ በ2003 ፔተር ሶልበርግ በዚያችው መኪና ዋንጫውን ደገሙት። ያን ጊዜ መኪናዋን የተመኘ አሜሪካ ያለ ወጣት ዛሬ ያገለገለችውን ሊገዛ ሲነሳ ጥያቄው አንድ ነው። ደብሊውአርኤክስ ወይስ ኤስቲአይ?

ሁለቱም ባለ ቱርቦ ናቸው፣ በአራቱም ጎማ ይጎትታሉ። አሜሪካ የተሸጠው የ2004 ሞዴል ደብሊውአርኤክስ 2.0 ሊትር ሞተርና 227 የፈረስ ጉልበት አለው። ኤስቲአይ ደግሞ 2.5 ሊትር፣ 300 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ማርሽና የብሬምቦ ፍሬን ይዞ ይመጣል። በወረቀት ካየነው ጨዋታው አልቋል።

ሜዳ ላይ ግን ሌላ ነው። ኤስቲአይን ብዙ ሰው የሚገዛው ለመብረር ነው። ኮምፒውተሩ የተነካካ፣ ቱርቦው የተቀየረ ሞልቷል። የ2.5 ሊትሩ ሞተር እንዲህ ሲያስጨንቁት ፒስተኑ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ሞተር ማውረድ ነው፣ ኪስም አብሮ ይወርዳል።

ስለዚህ ብር ከመቁጠር በፊት የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ጥሎ መሄድ። ፋብሪካ እንደሠራው የቆየ ኤስቲአይ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ግን ጉልበቱ ከተጎዳ ኮከብ ዘጠናውን ደቂቃ የሚሮጥ ተጫዋች ይሻላል። ያልተነካካው ደብሊውአርኤክስ ይግባ!