የአስተናጋጇ ሻንጣና የነጋዴው አደራ

ከሥራ ሁሉ ለተመልካች ዓይን ያማረው የአይሮፕላን አስተናጋጅነት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። ዛሬ ዱባይ፣ ነገ ጓንግዡ፣ ከነገ ወዲያ ፍራንክፈርት የምትውል ወጣት፣ ዓለምን ያለ ዋጋ የምትጐበኝ ባለ ዕድል ትመስላለች። በደሴና በኮምቦልቻም ከቤተ ዘመድ መካከል አንዲት ልጅ በዚህ ሥራ የተሰማራች እንደ ሆነ፣ ጥያቄ የሚያበዛባት ነጋዴው ነው፤ የባሕር ማዶውን ገበያ በዓይኗ ታያለችና። ነገር ግን ልንጠይቃት የሚገባንና የማይገባን ነገር ስላለ፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለእርሷም ለእኛም የሚበጅ መስሎ ታይቶናል።

ሴቶች በዚህ ሥራ መሰማራት ከጀመሩ ገና መቶ ዓመት አልሞላም። የመጀመሪያዪቱ ሴት አስተናጋጅ ኤለን ቸርች የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ስትሆን፣ በግንቦት 7 ቀን 1922 ዓ.ም. ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ቺካጎ በረረች። ነርስ መሆኗም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያን ዘመን መብረር ያስፈራው የነበረውን መንገደኛ እንድታጽናና ነው።

የአገራችን አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት 30 ቀን ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ደረሰ፤ በ1953 ዓ.ም. እስከ ሞንሮቪያ በመዝለቅ ምሥራቅ አፍሪካን ከምዕራቡ ጋር አገናኘ፤ በ1955 ዓ.ም. የጄት አገልግሎት ጀመረ፤ በ1965 ዓ.ም. ወደ ሻንጋይ መብረር ቻለ። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪዎቹ እስከ አስተናጋጆቹ ድረስ ሴቶች ብቻ የሠሩበት በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ተደረገ። ነጋዴ የሆነ አንባቢ ይህን ዝርዝር ሲመለከት የከተሞች ስም ብቻ ሳይሆን የዕቃ መንገድ እንደሚታየው አንጠራጠርም።

ትውልዷና እድገቷ ደሴ የሆነ አንዲት አስተናጋጅ፣ ስሟ እንዳይጠቀስ አሳስባ፣ በቅርቡ ስላደረገቻቸው ጉዞዎች አውግታናለች። ወደ ጓንግዡ የሚደረገው በረራ ሌሊቱን ሙሉ የሚወስድ ነው። በአዲስ አበባ ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ በዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን በእንቅልፍ እንጂ በገበያ አያልፍም። በዚያች ከተማ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ የንግድ ትርኢት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ገደማ ስለሚከፈት፣ በእነዚያ ሳምንታት አይሮፕላኑ በአገራችን ነጋድያን ይሞላል፤ የወሎ ሰውም አይጠፋበትም።

በጂዳ መስመር የምታገኘው መንገደኛ ግን ሌላ ነው። ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ የወሎ ልጆች፣ ብዙዎቹ አይሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። የመቀመጫውን ቀበቶ ስታስርላቸው በአገራቸው አነጋገር «አይዞሽ እኅቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ባለቻቸው ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ የያዙትን እንባ ይለቁታል። «ያን ጊዜ እኔም ፊቴን አዙሬ ነው የምሠራው» ብላናለች። እኛም በየሱቃችን ከሚገባው ገንዘብ ውስጥ የእነዚህ ልጆች ላብ እንዳለበት መዘንጋት የለብንም።

የአይሮፕላኑ አየር ይከብዳል እያሉ የሚሰጉ ሽማግሌዎችን ግን ታጽናናቸዋለች። አይሮፕላኑ ከ10,000 ሜትር በላይ ቢወጣም፣ በውስጡ ያለው አየር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ እንዳይሳሳ ሆኖ ይጠበቃል፤ ድሪምላይነር በሚባለው ደግሞ ከ1,800 ሜትር ብዙ አያልፍም። ይኸውም ደሴ ላይ የሚኖር ሰው ከቤቱ ይልቅ የሳሳ አየር አያገኘውም፤ በድሪምላይነር ሲሳፈርም ወደ ኮምቦልቻ እንደ ወረደ ያኽል ነው ማለት ነው።

ሻይና ምግብ ማቅረብ የሥራዋ ትንሹ ክፍል ነው። በብዙ አገሮች ደንብ ለ50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ የሚመደበው ለመስተንግዶ ሳይሆን ለአደጋ ጊዜ ነው። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ ስላለው ሁለት አስተናጋጆች ያስፈልጉታል። አንድ ትልቅ የመንገደኛ አይሮፕላን ለሥራ ከመፈቀዱ በፊትም፣ ከመውጫ በሮቹ እኩሌታው ተዘግተው ሳለ፣ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መውጣት እንዲችል ይፈተናል።

ይህ ትምህርት ለከንቱ እንዳልሆነ ያለፈው ኀዘን ይመሰክራል። በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በጠላፊዎች እጅ የወደቀው አይሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሞቱትም መካከል የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን ገና በአይሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው መውጣት ያቃታቸው እንደ ነበሩ ታውቋል። እንግዲህ አስተናጋጇ «ሳትወጡ አትንፉት» ስትል ጋዜጣ እያነበብን የምናልፋት ቃል የነፍስ ጉዳይ ነች። በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሞቱት 157 ሰዎች መካከልም 8ቱ የአይሮፕላኑ ሠራተኞች ነበሩ።

ስለ ዕረፍት ጉዞዋ በጠየቅናት ጊዜ፣ ለአየር መንገድ ሠራተኛ የሚሰጠው የቅናሽ ቲኬት ብዙውን ጊዜ ቦታ ሲተርፍ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሻንጣዋን ይዛ ሄዳ ወደ ቤቷ የተመለሰችበት ቀን እንዳለ ነገረችን። በመጨረሻ ቦታ አግኝታ ወደ ዛንዚባር ሄደች። በዚያም ደስ ያሰኛት ከባሕሩ ዳርቻ ይልቅ፣ በመንገድ ዳር በምንጣፍ ላይ ለፀሓይ የተሰጣው ቅርንፉድ ነው። ቅርንፉድ ማለት ሳይፈነዳ የተለቀመ የዛፍ አበባ እንቡጥ መሆኑን፣ በሚሰጣበትም ጊዜ ከቀይነት ወደ ጥቁር ቡናማነት እንደሚለወጥ በዓይኗ አይታ መጣች። እናቷ ለወጥና ለሻይ ከሱቅ ሲገዙት የኖሩት ቅመም ከየት እንደሚመጣ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህች ልጅ ወደ ደሴ በመጣች ቁጥር «ልጄ፣ ይህችን ብቻ ያዥልኝ» የሚል ሰው አታጣም። አንድ የቅርብ ዘመዷ ከዱባይ 20 የእጅ ስልክ በሻንጣዋ እንድታመጣለት ጠይቋት ነበር። አልችልም ባለችው ጊዜ «ዘመድ ለመቼ ነው?» ብሎ ተቀየማት፤ እስከ ዛሬም በለቅሶ ቤት ሲገናኙ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። በመካከል የሚቸገሩት እናትየዋ ናቸው።

እኛ ግን ፍርዱን ለልጅቱ እንሰጣለን። ለንግድ የሚሆን ብዛት ያለው ዕቃ ለጉምሩክ ሳይገለጽ ቢገባ ስሙ ስጦታ ሳይሆን ኮንትሮባንድ ነው። ዘመድየው የሚያተርፈው ጥቂት የቀረጥ ገንዘብ ሲሆን፣ እርሷ የምታጣው እንጀራዋንና መልካም ስሟን ነው። ከዚህም የከፋ አለ፤ በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሳያውቁ መቀበል ሕይወት ያስከፍላል፤ በቻይና አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት ያስቀጣልና። የብዙ ሰው ነፍስ በአደራ የተሰጣትን ሠራተኛ፣ የእኛን ካርቶን ደርበን ልናሸክማት አይገባም።

በሕጋዊው መንገድ የሚያስመጣውንም ነጋዴ አንርሳ። ቀረጡን ከፍሎ የሸጠ ባለ ሱቅ፣ በሻንጣ ከገባ ዕቃ ጋር በአንድ ገበያ መወዳደር አይችልም። ዕቃው በአየር ጭነት እንዲመጣ የተፈለገ እንደ ሆነ፣ የዋጋው ኢንቮይስ፣ የዕቃው ዝርዝርና ኤርዌይ ቢል የሚባለው የጭነት ሰነድ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ይቅረቡ። የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ ዕቃ በመጋዘን የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ የቁጥር ወይም የስም አለመስማማት መሆኑን በየቀኑ አያለሁ። ኮምቦልቻ የጉምሩክ ጽሕፈት ቤትና የደረቅ ወደብ ያለባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ያላወቁትን ቀርቦ ለመጠየቅም መንገዱ ሩቅ አይደለም።

አስተናጋጇን ልንጠይቃት የሚገባው ብዙ ነው፦ ትርኢቱ የሚከፈትበትን ወራት፣ የአገሩን ብርድና ሙቀት፣ የሰዓቱን ልዩነት፣ የሰዉን ጠባይ። ይህን ሁሉ በደስታ ትናገራለች፤ ወሬ ቀረጥ የለውም፣ ሻንጣም አይሞላም። በአየር ላይ ያገኛት የአገሯ ነጋዴም ቀበቶውን እሰር ስትለው ቢያስር፣ ስትናገር ቢያዳምጥ፣ ከዚህ የበለጠ የዘመድ ስጦታ አትፈልግም።