ከመድረክ እስከ መማሪያ ክፍል፦ ለእንግሊዝኛ መምህራን ስለሚሰጥ የሙያ ማሻሻያ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ንግግር ነው፤ ይኸውም ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ሙያ ማሻሻያ ተብሎ ስለሚሰጠው ንግግር። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ መምህሩ ሰምቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የሚለወጥ ነገር አለ ወይ? ከሌለስ ጉድለቱ ከወዴት ነው?

ጉዳዩ የመምህራን ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ እንግሊዝኛው ደካማ ከሆነ የሚያጣው እንግሊዝኛን ብቻ አይደለም፤ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም ያጣል። የሌሎቹ ትምህርቶች በር ቁልፍ ያለው በእንግሊዝኛ መምህሩ እጅ ነው።

የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ጠይቋል። ሥራውንም በአራት ደረጃዎች ከፍሎታል፦ ፍላጎትን መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም። ንግግር ማዳመጥ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ይሁን እንጂ 60ውን ሰዓት ለመሙላት ቀላሉ መንገድ መምህራንን አዳራሽ ሰብስቦ ንግግር ማሰማት ነው። ፊርማ ይሰበሰባል፤ ወረቀቱም ፖርትፎሊዮ ውስጥ ይገባል።

እኔም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ቡድን ሥራ ግማሽ ቀን ተናግሬ በጭብጨባ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከአድማጮቼ መካከል የነበሩ አንዲት መምህርት በሚያስተምሩበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ከ60 የሚበልጡ ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መምህርቷ የሰዋስው ደንብ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ተማሪዎቹ ገለበጡ። ስንወጣ ሳልጠይቃቸው እርሳቸው ጀመሩ፦ «ዶክተር፣ ንግግርዎን ወድጄው ነበር። ነገር ግን ዴስኮቹ አይዞሩም፤ ተማሪዎቹ ሲነጋገሩ ወዲያው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ጫጫታውን የሰሙት ርዕሰ መምህርም ይመጣሉ። ያን ጊዜ ምን እንደማደርግ አልነገሩኝም።»

ልክ ነበሩ። የነገርኋቸው «ለምን» የሚለውን እንጂ «እንዴት» የሚለውን አልነበረም። ለዚያውም ስለ ቡድን ሥራ ጥቅም ግማሽ ቀን ሙሉ ብቻዬን ስናገር ነው የዋልሁት።

ንግግር ብቻውን ክፍልን የማይለውጥባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያውን አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል። መምህር ማስተማርን መማር የሚጀምረው ማሠልጠኛ ሲገባ ሳይሆን ገና ተማሪ ሳለ፣ መምህራኑን ለዓመታት እየተመለከተ ነው። መምህሩ ሲጨንቀው የሚመለሰው ወደዚያ ወደ ለመደው ነው። የብዙ ዓመት ልማድ በግማሽ ቀን ንግግር አይነቀልም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥልጠናው አካሄድ ነው። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ በ1980 እ.ኤ.አ. የመምህራንን የሥራ ላይ ሥልጠና አምስት ክፍሎች ለይተው አስቀምጠዋል፦ ሐሳቡን ማስረዳት፣ ሠርቶ ማሳየት፣ ማለማመድ፣ አስተያየት መስጠትና በክፍል ውስጥ ተከታትሎ ማገዝ። የተማሩት ነገር ወደ ክፍል የሚሻገረው ክፍሎቹ ሲደጋገፉ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው አናልፍም።

ሦስተኛው የእንግሊዝኛ መምህራን የተለየ ችግር ነው። ለእነርሱ ቋንቋው የሚያስተምሩት ትምህርትም የሚፈተኑበት ሚዛንም ነው። የሒሳብ መምህር በስብሰባ ላይ ሲናገር ሒሳቡን አይመዝኑበትም፤ የእንግሊዝኛ መምህር ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ቋንቋው ይመዘናል። ስለዚህ በባልደረቦቹ ፊት ከመሳሳት ዝምታን ይመርጣል። ተናጋሪው ያንን ዝምታ እንደ መረዳት ይቆጥረዋል።

መፍትሔውን ሩቅ መፈለግ አያሻንም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ ባለቅኔ አይሆንም። ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ የተበላሸውን ያርምለታል፤ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመለሳል። መስማት፣ መሞከር፣ መታረምና መመለስ በአንድነት የቆሙበት ሥርዓት ነው።

ከዚህ በመነሣት ንግግር ለማቅረብ ለምትዘጋጁ ሁሉ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ለአንድ ንግግር አንድ ተግባር ይበቃል። «ተማሪን ማዕከል ያደረገ አቀራረብ» ለአንድ ከሰዓት በኋላ እጅግ ሰፊ ነው፤ «በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎችን ማነጋገር» ግን ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ተናጋሪው ሠርቶ ያሳይ፤ መምህራኑም እንደ ተማሪ ተቀምጠው ይሞክሩት። ሁሉም አብሮ ሲሞክር ስሕተት የአንድ ሰው ኀፍረት መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መመለሻ ቀጠሮ ይኑር። መምህራኑ የከሸፈባቸውን ይዘው ይምጡ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ይጎብኝ። ጉብኝቱ ግን ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ ውጤት የሚሰጥበት መምህር ችግሩን ይደብቃልና።

ይህ ሁሉ ክፍለ ጊዜ ማመቻቸትንና የርዕሰ መምህራንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቀላል ነው አልልም። ንግግር ከንቱ ነው ማለቴም አይደለም። ንግግር አዲስ ሐሳብ ያስተዋውቃል፤ ብቻውን የሚደክመውንም መምህር ከመሰሎቹ ያገናኛል። በር ይከፍታል፤ ወደ ውስጥ ግን አያስገባም።

ወደ እኒያ መምህርት ክፍል ተመልሼ ነበር። ሦስቱ የዴስክ ተጋሪዎች ሁለቱ ሲነጋገሩ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ የተባለውን እንዲጽፍ፣ ከዚያም ተራ እንዲለዋወጡ አብረን አቀድን። የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ፤ ተማሪዎቹ ወደ አማርኛ ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን መምህርቷ በራሳቸው ሐሳብ አራት የዓረፍተ ነገር መነሻዎችን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ዴስኮቹ አልዞሩም፤ ጫጫታውም ነበረ፤ ነገር ግን ጫጫታው ውስጥ እንግሊዝኛ ይሰማ ነበር። ያን መላ ያገኙት እርሳቸው እንጂ እኔ አልነበርሁም። የእኔ ድርሻ ተመልሶ መሄድ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ላዳምጥ፤ መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው።