የኤምአይ-8 ሄሊኮፕተር ዝርያዎችና የደጋው አየር
እ.ኤ.አ በ1961 በሶቪየት ኅብረት ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤምአይ-8 ሄሊኮፕተር የብዙ ዝርያዎች መነሻ ነው። 24 ወታደሮችን ወይም በቃሬዛ የተኙ 12 ሕሙማንን ይጭናል።

ይሁን እንጂ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይደክማል፤ የሚያነሳው ጭነትም ይቀንሳል። ይህን ለማቃለል ኤምአይ-17 ተሠራ። የቀድሞው ሁለት ሞተሮች እያንዳንዳቸው 1,500 የፈረስ ጉልበት ሲኖራቸው፣ የአዲሱ ወደ 1,900 ከፍ ብለዋል።

የጅራቱ ተሽከርካሪ በመጀመሪያው ኤምአይ-8 በቀኝ፣ በኤምአይ-17 በግራ በኩል በመሆኑ ሁለቱ ከሩቅ ይለያሉ። በውኃ ላይ የሚያርፈው ኤምአይ-14 ከዚሁ ቤተሰብ የተገኘ ሲሆን፣ ተዋጊው ኤምአይ-24ም በኤምአይ-8 ክፍሎች ላይ ተመሥርቶ ተሠርቷል።

የኢትዮጵያ አየር ኃይልም የቤተሰቡ ተጠቃሚ ነው። መንገድ ለማይደርሰው የደጋ ነዋሪ የሞተሩ ብርታት በአንድ ጉዞ የሚደርሰውን እህልና የሚነሳውን ሕመምተኛ ብዛት ይወስናል።