ሰንጠረዥን ለመልመድ ስንት ማታ ይበቃል?

"ሰንጠረዥ" ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ ለምንውል እናቶች ፈጥኖ የሚታየን በሪፖርት መካከል ተሰምሮ ቁጥር የሚሞላበት፣ ቤት ቤት ያለው ወረቀት ነው። የወሩ ሥራ በዚህ ዓምድ፣ ያልተሠራው በዚያ ዓምድ እየተባለ ስንቱን ሞልተናል! ቃሉ ግን ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት የጨዋታ ስም ነበር። ያውም የዋዛ ጨዋታ ሳይሆን ሁለት ንጉሦች ሠራዊታቸውን አሰልፈው የሚገጥሙበት፣ ለመልመድ ብዙ ማታ የሚጠይቅ የጦርነት ጨዋታ ነው።

የጨዋታው መነሻ ሕንድ እንደሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። በዚያ አገር የነበረው ስም "ቻቱራንጋ" ሲሆን ትርጉሙ አራት ክፍል ያለው ሠራዊት ማለት ነው፤ ይኸውም ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች ዘንድ ሲደርስ "ሸጥረንጅ" ተባለ። እኛ ዘንድ "ሰንጠረዥ" ሆነ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ጨዋታውን አይቶ በመጽሐፉ ገልጾታል። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ የሚያውቁ ሴት እንደነበሩ ይተረካል። ከ1928ቱ የጣልያን ወረራ ወዲህ ግን ጨዋታው ከየቤቱ እየጠፋ ሄዶ ዛሬ በከተማው የሚታየው የውጭው ቼዝ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችኝ የጁቤ ናት። የባለቤቴ ወላጆች የሚኖሩት በዚህች በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው የባሶ ሊበን ከተማ ነው። በአንድ ክረምት ልጆቻችንን ይዘን ሄደን ነበር። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ከጀመረ ደጅ መውጣት የለም፣ መብራትም ይጠፋል። የ13 ዓመቷ ልጄና የ9 ዓመቱ ወንድሟ የስልካቸው ባትሪ ሲያልቅ ምድር የጠበበቻቸው መሰለ። በዚህ ጊዜ ነበር አማቴ፣ ልጆቹ "አባባ" የሚሏቸው፣ አያታቸው በአንድ መኳንንት ቤት ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳዩ ያጫወቱን። እሳቸው ከሰሙት የሚያስታውሱት ሁለት ሦስት ስምና "ጫጫታው ከሩቅ ይሰማ ነበር" የሚለውን ብቻ ነው። ልጄ ግን ያዘችን። "አባባ፣ እንዴት ነው የሚጫወቱት?" ብላ እስከ ማታ ነዘነዘቻቸው።

በነገራችን ላይ አሮጌው የባሶ ገበያ በዚሁ አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ዓባይን ተሻግረው የሚመጡት ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ይዘው በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ አይቶ ጽፏል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ከዚያ ማዶ ይመጣ ከነበረው ሸቀጥ አንዱ የዝሆን ጥርስ ነው። የመኳንንቱ የሰንጠረዥ ጠጠሮች የሚሠሩትም ከዝሆን ጥርስና ከቀንድ ነበር።

እኛ የሠራነው በቆርኪ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ስንመለስ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያወጡትን ጽሑፍ ኮፒ አስደርጌ ይዤ ነበር። የድሮው ሰሌዳ እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በላዩ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰፋበት ነው። ስለዚህ ከገበያ ግማሽ ሜትር ቀይ ጨርቅ ገዝተን በዙሪያው ጠርዝ፣ በውስጡ ሰባት መስመር ወደ ታች፣ ሰባት ወደ ጎን አሰፋን። 64 ቤት ወጣው። 32 ቆርኪ ሰብስበን ግማሹን በጥፍር ቀለም ቀባን። በየላያቸው የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ጻፍን፤ ፈርዝና ፈረስ በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ግን ለፈረሱ ጆሮውን ሣልንለት።

ሠራዊቱ እንዲህ ነው። ከኋላ ረድፍ ዳርና ዳር ሁለት ደር፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ሁለት ፈረስ፣ ከዚያ ሁለት ፊል ይቆማሉ፤ ፊልን "ሳባ" የሚሉትም አሉ። መካከል ላይ ንጉሡና ፈርዙ ናቸው። ንጉሡ ከባለቤቱ አንጻር በቀኝ በኩል ስለሚቆም ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የጠላቱን ፈርዝ ነው። ከፊታቸው ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ደር በቀጥታ የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ ፈረስ እንደ ቼዙ ይዘላል፤ ንጉሥ በየአቅጣጫው አንድ ቤት፤ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፣ መካከል ላይ ሰው ቢኖርም አያግደውም። መደቅ አንድ ቤት ወደ ፊት እየሄደ በሰያፍ ይገድላል። በቼዝ የለመድነው መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት መዝለል የለም።

ልጄ ወዲያው "ንግሥቲቱስ የታለች?" ብላ ጠየቀች። የለችም። ፈርዝ ማለት በፋርስኛ የንጉሥ አማካሪ ማለት ነው። አውሮፓውያን አማካሪውን ንግሥት ብለው በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከሁሉም የበለጠ ኀይል ሰጧት። የእኛው ጨዋታ በአሮጌው ሕግ ቀረ። እውነተኛዋ እቴጌ ግን ከሰሌዳው ውጭ ተቀምጣ ታጫውት እንደነበር ስነግራት ተስማማች።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህን ሁሉ በአንድ ማታ ለመያዝ የሞከረ ሰው ይሰለቻል። እኛም የመጀመሪያውን ማታ 32ቱን በአንድ ጊዜ ደርድረን ከሁለት ሰዓት ጭቅጭቅ በኋላ ተበትነናል። የሚበጀው ሠራዊቱን ከፋፍሎ መልመድ ነው። በመጀመሪያ በየወገኑ ንጉሥና ስምንት መደቅ ብቻ ይቁሙ፤ መደቅ እንዴት እርስ በርሱ እንደሚጠባበቅ፣ ቸኩሎ የወጣው እንዴት ብቻውን እንደሚሞት የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለት ማታ ይበቃዋል። ከዚያ ፈረሶቹ ይግቡ፣ ቀጥሎ ደሮቹ። ፈርዝና ፊል የመጨረሻ ይሁኑ። እነዚህ ደካማ ናቸው፤ አንድ ፊል በሕይወቱ ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። ልጄ ስምንቱን ቤቶች በባቄላ ምልክት እያደረገች ቆጥራ አረጋገጠች። ታዲያ አሮጌዎቹ ተጫዋቾች የሚያደንቁት በነዚህ ደካሞች ያሸነፈን ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መግደል ብዙም አያስመሰግንም ነበር ይባላል።

በዚህ ሁኔታ ስምንት ዘጠኝ ማታ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ከባዱ ክፍል የሚገባው። እርሱም "ወረራ" ይባላል። ሰንጠረዥን ከቼዝ የሚለየው ዋነኛው ነገር ይኸ ነው፤ በጨዋታው መጀመሪያ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ሰድደው የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ ይሠራል። አንዱ ወገን የመጀመሪያውን ሰው እስኪገድል ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ብቻ በተራ በተራ ይሆናል።

ልጆች ይህን ሲሰሙ የእጅ ፍጥነት ውድድር ይመስላቸዋል። የእኔም ልጅ ቆርኪዎቹን እንደ እሳት እየገፋ ወደ እኅቱ ወገን አስገባቸው፤ እርሷ ዝም ብላ መደቆቿን እያጠጋጋች ቆይታ ገና ሲዋጉ ሦስቱን ለቀመችበት። አልቅሷል። ያን ዕለት አባባ የዓድዋን ዘመቻ አነሡለት። ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጁን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ አምባላጌ ላይ የተደረገው በኅዳር መጨረሻ፣ የዓድዋው ድል ደግሞ የካቲት 23 ቀን። ከአምስት ወር በላይ ከሆነው ጊዜ ብዙው የሄደው ስንቅ በማሰናዳት፣ በመጓዝና በመስፈር ነበር። መቀሌ ላይ እንኳ ምሽጉን በውጊያ ማስለቀቅ ባልተቻለ ጊዜ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ተይዞ በጥር ወር ጠላት ምሽጉን ለቀቀ። "እቴጌ ማንን ገደሉ? ቦታ ነው የያዙት" አሉት አባባ። ልጄ ከዚያ ወዲህ በወረራ ጊዜ እጁን ማቀዝቀዝ ጀምሯል፤ ሁልጊዜ ነው አልልም።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ሕጉን ከሁሉም ቀድሜ ያነበብሁት እኔ፣ በተከታታይ አራት ጊዜ የተሸነፍሁትም እኔ ነኝ። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ሰንጠረዥ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ያስቀምጣል። በዚያ መካከል ቡናው ሊገነፍል ሲል እነሣለሁ፣ ሽሮው እንዳይዝ ላማስል እነሣለሁ፣ ሰው በር ሲያንኳኳ እነሣለሁ። ስመለስ አሰላለፌ ከሐሳቤ ጠፍቷል። በወረራ ጊዜማ ተራ ስለሌለ እኔ ወጥ ሳማስል ባለቤቴ ሠራዊቱን አደላድሎ ይጠብቀኛል! እርሱ በዚያ ሁሉ ማታ ከመቀመጫው የተነሣው የክብሪት ቀፎ ፍለጋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ብሆን ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠርሁትም ነበር፤ የለመድነው ነውና።

ያየችው አማቴ ናት። ከምድጃው አጠገብ ጥጥ እየፈተለች ስታየን ከርማ በአምስተኛው ማታ እኔ ልነሣ ስል "ተቀመጪ ልጄ" አለችኝ። ወደ ልጇ ዞራ ደግሞ "አንተ ተነሥ፤ ጀበናዋን ያዝ። ሰው አስነሥቶ ማሸነፍ ምን ይባላል?" አለችው። ባለቤቴ ሳቅ ብሎ ተነሣ። ጀበናውን ጥዶ እስኪመለስ እኔ ሁለቱን ፊሎቼን ባሰብሁት ቦታ አቆምሁ። ያን ማታ አሸነፍሁ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አላሸነፍሁም። ነገር ግን የተሸነፍሁት ተቀምጬ ነው፣ በየትኛው ስሕተት እንደተሸነፍሁም ዐውቄዋለሁ።

ስለዚህ ይህን ጨዋታ በቤቷ ለመጀመር የምታስብ እናት ከጨርቁና ከቆርኪው አስቀድማ የምትነጋገረው ስለ ማታው ሥራ ይሁን። እኛ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የደረስንበት ስምምነት አጭር ነው፦ በጨዋታ ማታ ራት ቀላል ነገር ይሆናል፤ የሚጫወት አይነሣም፤ የማይጫወት እሳቱንና በሩን ይጠብቃል። ቀኑም ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ነው፤ በሥራ ቀን ደክሞን ሞክረን ተቆጥተን አድረናል።

ጨዋታውን በአንድ ማታ መጨረስም ግድ አይደለም። ጨርቁን ትሪ ላይ ካነጠፉት ከነጠጠሩ ቁም ሳጥን ላይ ያድራል። (የጁቤ ሳለን መሬት ላይ አሳድረነው አንዲት ዶሮ የሁለት ቀን ጦርነት በትናብናለች።) ተመልካችም ዝም ይበል ማለት አያስፈልግም። ሶልት እንደጻፈው በራስ ወልደ ሥላሴ ፊት እንኳ በዙሪያው ያለው ሁሉ እየጮኸ ይመክር ነበር። አባባ የሰሙት ጫጫታ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ትንሹ ልጄ ሳይጫወት ሲቀር የሚወደው ሥራ ይህ ነው፤ ለሁለቱም ወገን ይመክራል።

አንድ ሕግ ብቻ እስከ መጨረሻው አከራክሮናል። አንደኛው ንጉሥ ከመደቅ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ሲቀረው አሸናፊው በተወሰነ ቁጥር ውስጥ ካልጨረሰው ጨዋታው እኩል ይሆናል፤ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ አይገደልም። በእኛ ቤት እስከ ሰባት እንቆጥራለን። ባለቤቴ ሲያሸንፍ ቁጥሩ ይፈጥናል፣ ሲሸነፍ ይዘገያል፤ አሁን የምትቆጥረው ልጃችን ናት።

ባለፈው እሑድ ከእርሷ ጋር የጀመርሁት ጨዋታ ይህን ስጽፍ ገና ወረራ ላይ ነው። ማንም ማንንም አልገደለም። ትሪው ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ሳሕን እያጠበ ነው።