ታብሌቱ ሳይሰበር ለምን ያረጃል?

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዓመታት በወረቀት ሲይዙት የኖሩት የቤተሰብ ማኅደር በኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት አማካይነት ወደ አንድሮይድ ታብሌት እየተዛወረ ነው። የእርግዝና ክትትሉም የክትባት ቀጠሮውም ኔትወርክ በሌለበት ይመዘገባል፤ የሚላከው መስመር ሲገኝ ነው። እንደ ጃናሞራና በየዳ ላሉ የሰሜን ጎንደር ተራራማ ወረዳዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የታብሌቱን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ባትሪውና ስክሪኑ ብቻ አይደሉም። ከሥር ያለው ከርነልም ይወስነዋል።

ከርነል ፕሮግራሞችን ከፕሮሰሰሩ፣ ከሚሞሪውና ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኝ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። የአንድሮይድ መሠረት የሆነውን ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው ለኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። በ1995 የወጣው ቅጂ 1.2 በአልፋ፣ በሚፕስና በስፓርክ ፕሮሰሰሮች ላይም ሠራ። ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የተለየው ኮድ ለብቻው ተቀምጦ፣ የቀረውን ሁሉም ተጋራው። የሚንከባከበው ሲጠፋ ግን ኮዱ ይወጣል፤ ሊኑክስ የተወለደበት 386 ራሱ በ2013 ከቅጂ 3.8 ተሰናብቷል።

አማራ ክልል ይህን ጉዳይ ቀደም ብሎ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ፕሮጀክት 5,000 ያህል አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ፣ ከተጠቃሚዎቹ ትምህርት ቤቶች አንዱ በሰሜን ሸዋ ሬማ ነበር። ላፕቶፑ 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ሚሞሪ ነበረው። ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩ ሲተኛ፣ አንዲት ልዩ ቺፕ በስክሪኑ ላይ ያለውን ገጽ ሳይጠፋ ታቆየው ነበር። የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ ዕቃውን የሚያዝበት ኮድ፣ ከዋናው ሊኑክስ ጋር ስለተቀላቀለ ዓለም ሁሉ ተንከባከበው። የስክሪኗ ቺፕ ድራይቨር ግን ገና ባልጠሩ ድራይቨሮች ማቆያ ውስጥ ቀረ። የላፕቶፑ ሲስተም የተሠራበት ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ስርጭትም በ2019 ከቅጂ 31 ጀምሮ ለ32 ቢት ፕሮሰሰሮች ከርነል ማውጣቱን አቆመ።

በአንድሮይድ ዕቃዎች ችግሩ ይበረታል። ቺፕ ሠሪው የሊኑክስን አንድ ቅጂ ወስዶ የራሱን ድራይቨር ይጨምርበታል፤ ታብሌት ሠሪው በዚያ ላይ ሌላ ይደርባል። በመንገድ ላይ የተጨመረው ኮድ ወደ ዋናው ሊኑክስ ካልተመለሰ፣ አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ሥራውን እንደገና መሥራት ግድ ይላል። ሠሪው ሲሰለች የታካሚዎች መረጃ ያለበት ታብሌት ሳይጠገን ይቀራል። ጎግል ለዚህ መፍትሔ ብሎ ከአንድሮይድ 12ና ከሊኑክስ 5.10 ጀምሮ አንድ የጋራ ከርነል አበጅቷል፤ የየኩባንያው ድራይቨር ለብቻው ተነጥሎ ይጫናል።

ማሻሻያው ቢኖርም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚመጣ ማሻሻያን መጠበቅ አያዋጣም። ፋይሉ በፍላሽ ከጤና ጽሕፈት ቤት ወደ ጤና ኬላ የሚደርስበት ዘዴ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የታብሌቱ ገዢ በጨረታ ሰነዱ ላይ ከዋጋና ከባትሪ ባሻገር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የደኅንነት ማሻሻያ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ፣ ከርነሉን የሚያስነሳው ቡትሎደር መከፈት መቻሉን፣ የከርነሉን ሙሉ ሶርስ ኮድ ማስረከብን። የመጨረሻው ልመና አይደለም፤ ሊኑክስ የሚሰራጭበት ፈቃድ ለተቀባዩ የሚሰጠው መብት ነው። ከጤና ሚኒስቴር ጋር በዲጂታል ጤና የሚሠራው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቹን በዚህ ሊያሰማራ ይገባል፤ ለናሙና የቀረበውን ታብሌት ከርነል ከሶርስ ኮዱ ገንብተው፣ ጭነውና ፈትነው ውጤቱን ውል ከመፈረሙ በፊት ለገዢው ያቅርቡ።